የጽዮን ጃንጥላ

በዚያ ሳምንት ወንበር አልያዘኝም። ደብረ ማርቆስ፣ ከቢሮዬ መስኮት ሥር ቆሜ በስልኬ የጃፓንን የአየር ትንበያ እከፍታለሁ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ማኅተም እመታለሁ፤ ሲወጣ እንደገና እከፍታለሁ። ፀሐይ። ነገም ፀሐይ። የሰው አገር ፀሐይ እንዲህ ያናድዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወንድሜ ተስፋዓለም ሰሜን ጃፓን፣ ተራራ ላይ ባለ ሆቴል ይሠራል። ቦታው የታወቀው በበረዶው ነው፤ እንደ ዱቄት የላላ፣ ሰው እስከ ወገቡ የሚሰምጥበት። የዓለም ሀብታም ከፍሎ እየመጣ ከጫፍ እስከ ግርጌ ይንሸራተትበታል። ዘንድሮ ግን ተራራው ራቁቱን ቀረ። እንግዶቹ ጉዟቸውን እየሰረዙ ነው፤ አለቃውም በረዶ ቶሎ ካልጣለ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናብታለሁ ብሏል። ተስፋዓለም ከተሰናበተ ወደ አገሩ መመለሱ ነው። እኔም መቅረቴ ነው፤ ምክንያቱም ለሚቀጥለው የሥራ ቦታ እህቴን አመጣለሁ ብሎ አስፈቅዶልኛል። ፓስፖርቴ ከወጣ ቆይቷል። ይህን ለእናታችን አልነገርናትም።

የጽዮን ዋዜማ ሲቃረብ እማዬ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለው መንደራችን ደወለችና ጃንጥላ ገዝተሽ ነይ አለችኝ። ቀይ ከፋይ ይሁን፣ ዘርፉ ወርቅማ። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። ስለቴ ሰመረ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የእነሱ ክረምት ሊያልቅ ሲል ተስፋዓለም የሆቴሉን ጣሪያ ከበረዶ ሲጠርግ የተቀረጸ ቪዲዮ ልኮ ነበር፤ ያሳየኋት እኔው ነኝ። በእኛ መንደር በረዶ የሚወርደው አንድ ሰው በግዝት በዓል ሲሠራ ነው፤ የሠራውን ሰው አገሩ ተሰብስቦ ይቀጣዋል። አንድ ሕዳር የደረሰ ጤፋችንን ከመሬት ለጥፎት ያውቃል። እማዬ ቪዲዮውን አይታ አማተበችና የማንን በዓል ሽረው ነው አለች። ተስፋዓለም በስልክ ስነግረው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በማግሥቱ ደብሯ ሄዳ፣ ልጄን ከዚህ መዓት ካዳንሽልኝ ለጽዮን ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላለች። ይኸው ዓመቱ ዞረ፤ በልጇ ላይ ጠብ ያለ በረዶ የለም።

ጃንጥላውን ገዛሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ መሀል አቁሜው ስሄድ ሰው ሁሉ በአክብሮት ቦታ ይለቅልኛል፤ ሴቶቹ ጽዮን ትቀበልሽ ይሉኛል። እኔ በመስኮት ብወረውረው በወደድኩ።

ቤት እንደ ደረስኩ ሳልቀመጥ ነገርኳት። የልጅሽ እንጀራ በረዶው ነው፤ ካልጣለ ይባረራል አልኳት። ሰዎች ሲንሸራተቱ፣ ሲወድቁ፣ ተነሥተው ሲስቁ አሳየኋት። ከፍለው ነው የሚወድቁት ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ጃንጥላውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ፤ የሰማችኝን እመቤት ልካዳት ወይ አለችኝ። እንግዲያው በረዶ ይውረድ ብለሽ ለምኚ አልኳት። ጤፉ ገና አውድማ ላይ ነው፤ ደጀ ሰላም ቆሜ በረዶ ስለምን ሰው ቢሰማኝ ከዚህ አገር ውሃ የሚያቀብለኝ የለም አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ተናደድኩባት።

የጽዮን ዕለት ጃንጥላው ገባ። መሪጌታ አምደሚካኤል እማዬ የተሳለችበትን ምክንያት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሰሙ፤ ልጇን ከበረዶ ስለ ጠበቀችላት አሉ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ሰው ሲበተን እማዬ አልወጣችም። ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፋ ቀረች። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ወዲያና ወዲህ እላለሁ፤ ስልኬን ከፍ አደርጋለሁ፤ ኔትወርክ የለም።

ስትወጣ አብረን ወደ ቤት አቀናን።

«የፊተኛውን ሳልከፍል ሁለተኛ መለመን ነውር ነው ብዬ ነው» አለችኝ ቁልቁለቱ ላይ።

«ምን ለመንሽ?»

«እዚያ ይውረድ አልኩ። ምንም ያልተዘራበት ላይ። እዚህ ጠብ እንዳይል።»

ላቅፋት ቃጣኝ። «ምን ተሳልሽ?» አልኳት እየሳቅኩ። ሌላ ጃንጥላ የምገዛ መስሎኝ ነበር።

ነጠላዋን አስተካከለች። «በረዶው ተወረደ አንቺን አላስቀርም ብያለሁ።»

እግሬ ቆመ። ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማንም። ለወንድምሽ ሥራማ ቢሆን ተማርቆስ በስልክ ትነግሪኝ ነበር። እንዲህ የሚያቁነጠንጥሽ የራስሽ መንገድ ነው።»

የቀሩትን ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ሥራ እየፈለግኩ ዋልኩ፤ የተጠረገውን ጠረግኩ፤ የታጠበውን አጠብኩ። እሷ እንደ ወትሮዋ ነበረች።

እሑድ ስመለስ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ኔትወርክ የሚገባበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ተስፋዓለም በቪዲዮ ነው፤ ከኋላው ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሳያቋርጥ እየጣለ ነው አለ። እንግዶቹ እየተመለሱ ነው፤ አለቃው ሰው አንሶታል፤ ሂዊ ፓስፖርትሽን ዛሬውኑ ላኪ አለ። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ቃል ነበር። ደስታው የት እንደ ሄደ አላውቅም። ቦርሳዬን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እንደ አምናው አላማተበችም።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» አለችው።

«እስከ ጉልበቴ ነው፣ እማዬ።»

ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሂዊ ተአንተ አጭር ናት» አለችው። «እሷን ተወገቧ ይደርሳል። አጠገብህ አድርጋት።»