የማይቆልፈው ፍሬን

ሊቤ በቡራዩና በገፈርሳ ዙሪያ ላም በማዳቀል የሚታወቅ ሰው ነበር። የአንዱ ቤት ላም ኮርማ ስትፈልግ ስልኩ ይጠራል፤ እሱም የኮርማ ዘር በናይትሮጂን የሚቀዘቅዝበትን ነጭ ዕቃ ከቀይ ሞተሩ ኋላ ጠፍሮ ይነሳል። ስራው ችኮላ ይፈልጋል። የላሟ ሰዓት ካለፈ ባለቤቷ ሌላ ሃያ አንድ ቀን ጠብቆ እንደገና መደወል ነው። ሊቤም በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲከንፍ ኖረ።

በታኅሣሥ 2008 ግን ወደቀ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው ብሎ አገሩ የተነሳበት ሰሞን ነው። አዴ ደጊቱ የሚባሉ አሮጊት ላማቸው ፈልጋ ደውለውለት ሲገሰግስ፣ ከገፈርሳ በላይ ካለው መታጠፊያ ጀርባ የተቆረጠ ባህር ዛፍ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ጠበቀው። የፊት ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠ። ጎማው ቆለፈ፤ ሞተሩ ከስሩ ሸሸ፤ እሱም በጉልበቱ አስፋልቱን እየፋቀ ሄዶ ከግንዱ ጋር ተላተመ።

ጉልበቱ በአራት ወር ዳነ። ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተባለ፤ ብጥብጡ ግን አልቀረም። ሊቤ ወደ ስራው ቢመለስም እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቱ የፊት ፍሬኑን ሲነካ ክንዱ ይዝላል። ቁልቁለት ሲደርስ ሁለት እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይወርዳል። ቤቱ ሲገባ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው ይመስላል።

በጥቅምት 2009 ሚስቱ ድንቅቱ ወሬ ይዛ መጣች። ሰበታ የእህቷን ቤት የተከራየ ኤርምያስ የሚባል ወጣት ሞተሩን ሊሸጥ ነው።

«ፍሬኑ አይቆልፍም አሉ። ኤቢኤስ ነው የሚሉት። ሂድና እየው» አለችው።

«አሁን ሞተር የሚገዛበት ጊዜ ነው?»

«የሚወደቅበትስ ጊዜ ነው?»

እሁድ ሄደ። ኤርምያስ በአንድ የአበባ እርሻ የውሃ ቴክኒሻን ነበር፤ እርሻው ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ አልጋውን ፈታቶ ግድግዳ አስደግፎ፣ አዲስ አበባ ወላጆቹ ቤት ሊመለስ ተዘጋጅቷል። ሞተሩ ጥቁር ነው፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ጠጠሩ ላይ ይሞክሩት፤ እስከ መጨረሻው ይጨብጡት» አለው።

ሊቤ አስፋልት ሳይነጠፍበት በቀረው መንገድ ላይ ፍጥነት ጨመረ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረው፤ ጨበጠ። እጀታው በመዳፉ ውስጥ ቶሎ ቶሎ እየመታ ተንቀጠቀጠ። ጎማው ያዝ ለቀቅ እያደረገ ሞተሩ ትንሽ ገፋ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዞሮ ደገመው፤ ሦስተኛም ሞከረ። ወራት ሙሉ ተጨምድዶ የከረመው ትከሻው ሲላላ ተሰማው። ድካሙም አብሮ መጣበት፤ እዚያው ኮርቻው ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ቃጣው።

በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም። ሊቤ እሺ ሊል ሲል ኤርምያስ እጁን አነሳ።

«ጋሼ ሊቤ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎት ብሸጥልዎት ይከብደኛል። ባለፈው መንገድ የሚዘጉት ልጆች የካድሬ ሞተር መስሏቸው በድንጋይ አባረሩኝ። ከነሱ አምልጬ ኬላ ስደርስ ደግሞ ወታደሮቹ ‹ወረቀት የምትበትነው አንተ ነህ› ብለው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። ሞተሩን የሚያውቀው ሰው የለም።»

የሊቤን ቀይ ሞተር ከቡራዩ እስከ መናገሻ የማያውቅ የለም። መንገድ የሚዘጉት ልጆች ከሩቅ አይተው «የላሙ ሰውዬ ነው፣ ይለፍ» ብለው ድንጋዩን ያነሱለታል። ወታደሮቹም ነጩን ዕቃ እያዩ ይሳሳቃሉ እንጂ አያጉላሉትም።

«ላስብበት» ብሎ ተነሳ።

ቤት ሲደርስ ለድንቅቱ ሁሉንም ነገራት። «ሰው የሚያውቀኝ በአሮጌው ነው» አላት።

«ያ ባህር ዛፍስ አውቆህ ነበር?»

«ደክሞኛል» አለ። «ስራውን ልተወው እንዴ?»

ድንቅቱ ሲደክም የሚያብጠውን ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ ይዛ ቆየችና «ቤት ስትቀመጥ አይቼሃለሁ፤ አራት ወር። እሱም አላሳረፈህም» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት አዴ ደጊቱ ደወሉ። ላማቸው ከትናንት ጀምራ ፈልጋለች፤ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው ነው እስካሁን ያልደወሉት። ሊቤ ቀዩን ሞተር አስነስቶ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነው፤ ዝናብ ጥሎ አድሮ ግን ጭቃው አስፋልቱ ላይ ወርዷል። እጁ አልታዘዝ አለው። ከሞተሩ ወርዶ፣ እየደገፈ፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ጨረሰው። ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ላሟን መረመራት፤ ረግታ ታመነዥካለች።

«አለፈ?» አሉት አዴ ደጊቱ።

«አለፈ፣ አዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልተቆጡም። በርጩማ አቀረቡለት። «ዓምና ወደቀ ሲሉኝ ሞተህ የማገኝህ መስሎኝ ሮጬ መጥቻለሁ» አሉት። «አሁንም በእግርህ ስትወርድ ከዚህ ሆኜ አየሁህ። እንዲህ ሆነህ እስከ መቼ ነው፣ ልጄ?»

ሊቤ እዚያው እንደተቀመጠ ስልኩን አወጣ። «ኤርምያስ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው። መጥቼ እወስደዋለሁ።»

አዲሱን ሞተር በያዘ በአምስተኛው ቀን፣ ከመናገሻ በታች ልጆች ድንጋይ ደርድረው መንገድ ዘግተው አገኘ። አንደኛው ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ሊወረውር ነው። ሊቤ ፍሬኑን ጨበጠ፤ ሞተሩ ሳያወላግደው ቆመ። ሄልሜቱን ከራሱ መንጭቆ «አኒ ሊቤዳ! ሊቤ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ልጁ ትክ ብሎ አየው። «የላሙ ሰውዬ! ሞተር ቀየርክ እንዴ?»

«ለፍሬኑ ብዬ ነው።»

ሳቁና አሳለፉት። ሄልሜቱን መልሶ ሳያጠልቅ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ባዶ ራሱን መንዳት ጀመረ። ድንቅቱ አንድ ቀን ከበር ሆና አየችው።

«ባዶ ራስህን ለመሄድ ነው እንዴ አዲሱን ሞተር የገዛኸው?»

«ፊቴን ካላዩ አያውቁኝም።»

«ሰው በሌለበት አድርገው፤ ሰው ስታይ ታወልቀዋለህ።»

«እሺ» አላት። አድርጎ ማውለቁን፣ አውልቆ ማድረጉን ሲያስበው ገና ከበሩ ሳይወጣ ታከተው። ስልኩ ጠራ፤ ከገፈርሳ ማዶ ሌላ ላም ፈልጋለች። ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሩን አስነሳ።