የአርባ ስምንት ኪሎ ምድብ

እኔ የቦክስ አሠልጣኝ ነኝ፤ ንዴቴም ቅርብ ነው። ያን ቀን ግን የተናደድኩት በገዛ ራሴ ነው።

በወጣትነቴ የምቧቀሰው በአርባ ስምንት ኪሎ ነበር። ኋላ ተወዳዳሪ አነሰ ተብሎ ምድቡ ተዘጋ። ለእኛ ለቀጫጮቹ የቀረልን የሃምሳ አንድ ኪሎው ብቻ ሆነ፤ እዚያ ለመግባት ደግሞ ከአርባ ስምንት ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ከመመዘናችን በፊት ሆዳችን እስኪነፋ ውሃ እንጠጣ ነበር። ይህን አፍንጫዬን ያጣመመውም አንድ የማይመጥነኝ ግንድ የሚያህል ጎረምሳ ነው።

የእህቴን ልጅ ፌንጣንም በዚሁ መላ ስድስት ዓመት አቧቀስኳት፤ ሁሌ ከምትበልጣት ጋር፣ ሁሌ ስትሸነፍ። አምና ምድቡ ለሴቶች ተከፈተ ሲባል እንባዬ መጣ። ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ሚዛን ካላለፈ መልሶ ይዘጋል ተባለ። የተመዘገቡት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእኛዋ ፌንጣና አንዲት ፀጉር ሠሪ።

በመመዘኛው ቀን ጠዋት ሚዛን ክፍሉ በር ላይ የውሃ ጠርሙሱን ሰጠኋት። ግጥም አድርጋ ጠጣችና ሚዛኑ ላይ ወጣች። አርባ ስምንት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም፤ በዚህ ምድብ ደግሞ ከአርባ ስምንት ማለፍ አይቻልም። ክው አልኩ። የስድስት ዓመት ልማድ ነዋ፤ እኔም ስሰጥ እሷም ስትቀበል አላሰብነውም። መዛኙ እንድትቀንስ አንድ ሰዓት ሰጠን።

ፌንጣ አልወቀሰችኝም፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ሁለት ሹራብ ደርባ ግቢውን ትዞር ጀመር። ሽንት ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። አርባ ደቂቃ ሲሞላ አጥሩን ይዛ ቆመች።

«አጎቴ፣ አልቻልኩም» አለችኝ።

በቃ ይቅርብሽ ልላት ስል፣ ቀድማ ተመዝና ያለፈችው ፀጉር ሠሪ ቁርሷን ከምትበላበት ደረጃ ተነስታ መጣች። ዳቦዋን ለእኔ አስያዘችና የፌንጣን ክንድ ያዘች።

«ነገ እመታሻለሁ። ዛሬ ግን ሩጪ» አለቻት፤ አብራትም ሮጠች።

አርባ ስምንት ልክ። መዛኙ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየው።

በማግስቱ ፀጉር ሠሪዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ፌንጣን በነጥብ አሸነፈቻት። እኔ ዳኛውን አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። ፌንጣ ግን ከንፈሯ አብጦ ትስቃለች። በእኩያዋ ስትመታ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዘንድሮ በዚያው ምድብ ዘጠኝ ሴቶች ለሚዛን ተሰለፉ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ከዚያ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ያየ ያውራ።