የባሕር ኮሶ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ግን መስከረሙ ጠብቶ፣ ጥቅምቱም ተጋምሶ፣ የአርባ ምንጭ ጉድ ገና መጀመሩ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በማሠልጠኛው ሰፈር ለሚሊሻ ምልምሎች የቀረበው ዓሣ ሥጋው ውስጥ የዱባ ፍሬ የሚያህል ነጭ ትል ተገኘበት። ምልምሎቹ «ትል አንበላም!» ብለው ሰሃን ገለበጡ። ሰሃን መገልበጥ በሌላ ዘመን የወጥ ቤት ጣጣ ነው። በዚያ ዘመን ግን የአብዮት ጣጣ ሆነና ዓሣውን ያቀረበው የአጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጋሼ ኦይታ፣ ዕለቱኑ ታሠሩ። ክሱ አጭር ነው፤ አሻጥር። ቅጣቱ ከክሱም ያጥራል።

ሐሙስ ቀትር ላይ የምግብ መርማሪዋ ጌጤ በላይኛው ከተማ፣ በሴቻ፣ ካለችው ጠባብ ላቦራቶሪ መስኮት ሥር ማይክሮስኮፗ ላይ ጎንበስ ብላለች። ከኋላዋ ካድሬው፣ ጓድ ብርሃነመስቀል፣ ወንበር ገልብጦ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።

«እስከ ስምንት ሰዓት ነው» አላት። «በስምንት ሰዓት መኪናው ይነሣል፤ ሰውዬው ተጭኖ ይሄዳል።»

ወዴት እንደሚሄድ ጌጤ አልጠየቀችም። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ስለሌለ መጠየቁም ትርፉ ድካም ነው።

«ደግሞስ ምኑ ይመረመራል? አምኗል እኮ!» ካድሬው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበላት። «‹በዓሣህ ውስጥ ትል አለ ወይ?› ተብሎ ሲጠየቅ፣ ‹አዎ አለ፤ ድሮም ነበረ፤ አባቴም ያውቀው ነበር› ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ጋሼ ኦይታ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የወንጌል አማኝ ሆነው ከተጠመቁበት ቀን ጀምሮ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ «ኦይታ ዘንድ ስትገዛ ዓሣውን አታሽትት፣ ትናንት የተያዘ ከሆነ ራሳቸው ይነግሩሃል» እየተባለ ይቀለድባቸዋል። የጫሞ ሐይቅ ዓሣም እውነት ነው፣ ትል አለው፤ ሆድ ዕቃው ውስጥ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ረጅም ነጭ ትል። አጥማጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ገና ጀልባው ላይ ሳሉ ከአንጀቱ ጋር ዘርግፈው ለወፍ ይጥሉታል። ትል አለ ወይ ቢሏቸው የሚያውቁትን ትል ተናገሩ። ሰሃኑ ላይ የተገኘውን ግን ማንም አላሳያቸውም። እንዲህ ያለ ስሕተት ከጋሼ ኦይታ በቀር ማን ይሠራል?

«ጓድ፣ የሐይቁ ትል ሆድ ውስጥ ነው የሚገኘው። ይሄ ሥጋ ውስጥ ነው የተገኘ» አለች።

«ትል ትል ነው።»

«አይደለም። ኮሶም ዓይነት ዓይነት አለው።»

ይህን እሷ ታውቃለች። ምፅዋ ተልካ ስምንት ወር ሙሉ የባሕር ዓሣ ስትቀድ፣ ትል ስትለቅም፣ በየወገኑ ስትደረድርና ስም ስትሰጥ ነው የኖረችው። ተመልሳ አርባ ምንጭ ስትመደብ ባልደረቦቿ «ባሕሩ ከየት ሊመጣልሽ ነው?» ብለው ስቀውባታል። የኮሶ ወገን በሙሉ መታወቂያው ጭንቅላቱ ነው። የሐይቁ ጥብጣብ ራሱ ላይ ጎድጎድ ያለ ስንጥቅ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የባሕሩ ግን አራት ረጃጅም ክንዶች አሉት፤ ክንዶቹ ዙሪያቸውን መንጠቆ ናቸው፤ እንቁላል የምትጥለው እናት ትል የምትኖረው ሻርክ በሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ ሆድ ውስጥ ነው። ሻርክ ደግሞ በጫሞ የለም። አራቱ ክንዶች ከታዩ ዓሣው የጋሼ ኦይታ አይደለም ማለት ነው፤ ሽማግሌውም ከመኪናው ይወርዳሉ።

ታዲያ ትሉን ለመክፈት ለምን ታመነታለች? ምክንያቱ የሰኞው ማኅተም ነው።

ሰኞ ዕለት የማሠልጠኛው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሃያ ሳጥን ዓሣ በበረዶ ታሽጎ ተደርድሮ ነበር። ምግብ ሳይመረመር ለምልምል አይቀርብምና መርማሪዋ ጌጤ መጣች። ጋሼ ኦይታ እዚያው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ክፈትና እይ» አሏት፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። እሷም ሳቀች። «የእርስዎን ከጠረጠርኩማ ማንን ላምን ነው?» አለችና አንድም ሳጥን ሳትከፍት ሃያውም ላይ «ተመርምሯል» የሚለውን ሰማያዊ ማኅተም መታች። ዛሬ ትሉ የሐይቅ ከሆነ አሻጥረኛው ተገኝቷል፣ እሷን የሚያስታውስ የለም። የባሕር ከሆነ ግን የባሕር ዓሣ ሳይከፈት እንዲያልፍ ያደረገው ማኅተም የማን ነው መባሉ አይቀርም። ሽማግሌው ሲወጡ እሷ መግባቷ ነው።

ከወጥ ቤት የመጣላት ሰባት ትል ነበር። በድንጋጤ፣ ለሐይቁ ትል እንደለመደችው፣ ስድስቱን እንዳይበሰብሱ ብላ ፎርማሊን ውስጥ ጨመረቻቸው። ፎርማሊን የሐይቁን ጥብጣብ አያበላሸውም፤ እነዚህን ግን አደነደናቸው፤ ስትጫናቸው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈሩ። ስድስቱም እንደዚያ አለቁ። ሰባተኛው በቁራሽ ሥጋ ውስጥ ተረስቶ የቀረው ነው። እሱ ብቻ ነው ያለው።

በመርፌ ጫፍ የትሉን ከረጢት ቀደደችው። ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ጭንቅላቱ ወጣ። በሁለት መስታወት መሐል አስተኝታ ሥጋው እንዲጠራ አንድ ጠብታ አሲድ ጨመረች። ከዚያ ዓይኗን ስታቀርብ ጨለማ ሆነባት። ከጉጌ ተራራ የወረደ ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗታል። የማይክሮስኮፑ መብራት መስኮቱ ላይ የተደገነች ትንሽ መስተዋት ነበረች፤ ፀሐይ ከሌለች ማይክሮስኮፑ ብረት ነው።

«ሰባት ሰዓት ተኩል» አለ ካድሬው፤ ሲጋራ ለኮሰ።

ጌጤ ጠበቀች። አሲዱ ከቆየ ሥጋውን ያሟሟዋል፤ ካነሳችው ደግሞ ይበጠሳል። ላቧ ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗን ይቆጠቁጣታል፣ ለመጥረግ ግን እጅ የላትም። ደመናው ምንም የቸኮለ አይመስልም። አምላኬ፣ አለች በሆዷ፣ ወይ አብራው ወይ ተወው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትለምን ግን ራሷም አላወቀችም፤ በዚህም አፈረች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መስተዋቷ ቦግ አለች።

አራት ነበሩ። ጎን ለጎን ተጠቅልለው በጠራው ሥጋ ውስጥ ተኝተዋል፤ በየአንዳንዳቸው ላይ እንደ ቀጋ እሾህ ወደ ኋላ የተቆለመሙ መንጠቆዎች ተሰልፈዋል። ሁለቴ ቆጠረቻቸው። ያለ ጥርጥር የባሕር ነው፤ ምፅዋ ላይ በመቶ የሚቆጠር አይታለች።

አውራ ጣቷ አሁንም የላይኛው መስታወት ላይ ነው። ጫን ብትል አለቀ። «ፈረሰብኝ» ትላለች፤ ስድስቱ መፍረሳቸውን ካድሬው በዓይኑ አይቷል፣ ያምናታል። ስምንት ሰዓት ይሞላል፣ መኪናው ይነሣል፣ እሷም ቤቷ ገብታ ራቷን ትበላለች። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰበችውም ብል ዋሸሁ። ከዚያ ጣቷን አንሥታ ወደ ኋላ አለች።

«ጓድ ብርሃነመስቀል፣ ይምጡ ይዩ።»

ካድሬው አየ። «አራቱን ክንዶች ይቁጠሩ፤ ይህ የባሕር ኮሶ ነው» አለችው። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ባሕር? አርባ ምንጭ ላይ ባሕር ከየት ይመጣል?»

«መጋዘን ኃላፊውን ይጠይቁት።»

ፈቃደ የተባለው የመጋዘን ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። ጋሼ ኦይታም እጃቸው እንደታሰረ በዘበኛ ተነድተው ገቡ። ፈቃደ መጀመሪያ ካደ፤ በማይክሮስኮፑ እንዲያይ ሲታዘዝ ምን እንዳየ ሳያውቀው አመነ። እሑድ ዕለት ከአሰብ በመጣ የበረዶ መኪና ስድስት ሳጥን እንደገባ፣ ከማኅበሩ የተጠየቀው ሃያ ስላልሞላ ለሽማግሌው ሳይነግር ከእሳቸው አሥራ አራት ሳጥን ጋር እንደደባለቀው፣ ጉዱ ሲፈላ ደግሞ ፈርቶ ዝም እንዳለ ተንተባተበ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

«ፍቱት» አለ ካድሬው ጋሼ ኦይታን እያመለከተ። ገመዱ ወደቀ።

ጌጤ ተነፈሰች። ትንፋሿ ግን አልሞላም።

«ስድስቱም ሳጥን ላይ ማኅተም አለ» አለ ካድሬው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹ተመርምሯል› ይላል።» ወደ እሷ ተመለከተ፤ ግን እሷን አልጠየቀም። ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አንተ እዚያ ነበርክ። ራሱን ለማዳን ያልዋሸ ሰው ቃሉ ይበቃኛል። ይህች ልጅ ሳጥን ከፍታ አይታለች ወይስ ሳታይ ነው የመታችው? ከፍታ ካመለጣት የሥራ ጉድለት ነው፤ እዚሁ ትገሠጻለች። ሳትከፍት ከሆነ ግን ከዚህ ከፈቃደ ጋር ትሄዳለች።»

ብዕሩን አዘጋጀ።

ጌጤ ጋሼ ኦይታን አየቻቸው። ዋሹልኝ፣ አለች በልቧ፤ እንዲህ ስትመኝ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። አንዲት ቃል ብቻ። እኔ አተረፍኩዎት አይደል?

ሽማግሌው ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲገረፉ ቃላቸውን ያላጠፉት ሰው አሁን እጃቸውን በእጃቸው ያሻሉ፤ የመረብ ገመድ የሸነታተረው፣ ያረጀው እጅ። ዓይናቸው አንዴ እሷ ላይ አንዴ ወለሉ ላይ ይንከራተታል። ስለ ራሳቸው ሞት ሲጠየቁ እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም። ሊሉት ነው፤ ጌጤ ገባት፤ ለእሷ ብለው ውሸቱን ሊሉት ነው፤ ከዚያ ሥፍራ የሚወጣው ሽማግሌ ግን ሌላ ሰው ነው የሚሆን።

«ልጅቷ...» አሉ ጋሼ ኦይታ። «ሳጥኑን... ልጅቷ ሳጥኑን ከፍ...»

«አልከፈትኩም» አለች ጌጤ።

ካድሬው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

«አንድም አልከፈትኩም። ክፈትና እይ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ።» የገዛ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ረጋ ብሎ ወጣ። «ይጻፉት።»

ጋሼ ኦይታ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ።

መኪናው በስምንት ሰዓት ከሃያ ተነሣ። ጌጤና ፈቃደ ከኋላ፣ በሁለት ዘበኛ መሐል ተቀምጠዋል። የሴቻን ቁልቁለት ሊጀምር ሲል ሽማግሌው በባዶ እግራቸው ከጎኑ ሮጠው ደረሱ፤ አንድ እጃቸው የካሚዮኑን ጠርዝ ጨበጠ።

«ልል ነበር እኮ!» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ልጄ፣ እውነት ነው የምልህ፣ ልል ነበር!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች ጌጤ። «አውቃለሁ።» ከዚያ እንዳይወድቁ ፈርታ ጣቶቻቸውን ከጠርዙ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ መኪናውም ወደ ሲቀላ ወረደ።