ያዘመመው ወለል

መርፌውን በሪባኑ ጠርዝ አስገብታ ስታወጣ ስልኩ ነዘረ። አላነሳችውም። ከንፈሯ መካከል ክር ይዛለች፤ ጭኗ ላይ ሮዝ የሐር ጫማ አለ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለራሷ እግር ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነው። የባሌት ደናሾች በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ ከሱቅ ሲመጣ ሪባን የለውም፤ እያንዳንዷ ደናሽ በቁርጭምጭሚቷ ለክታ ራሷ ትሰፋለታለች። የግራውን ጨርሳለች። የቀኙን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈትታዋለች።

ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፤ ብርዱ ሲገባ መልሳ ዘጋችው። ወንበር ቀየረች። ስልኩ እንደገና ሲነዝር አነሳችው።

"እታለም፣ ኧረ በፈጠረሽ! ምን ልበላቸው?"

ታናሽ ወንድሟ ነው። ድሮ እሷ ትደንስበት በነበረው ቲያትር ቤት አናጢ ሆኗል። በልጅነቱ ያገኘውን ሁሉ በድንጋይ ስለሚቀጠቅጥ መዶሻ ይሉት ነበር፤ ቅጽል ስሙ ሥራው ሆኖ ቀረ።

"እስከ ማታ ጊዜ አለሽ ብለኸኝ የለ እንዴ?"

"ማታማ የደናሾቹ ዝርዝር ማተሚያ ቤት ይገባል። ቅዳሜ በአሮጌው መድረክ የመጨረሻው ትርኢት ነው። ሰኞ የመድረኩን ወለል የምነቅለው እኔው ነኝ፤ አዲሱን ጠፍጣፋ አድርጉት ተብለናል። የተሰደዱት ደናሾች ሁሉ ይምጡ ተብሎ ተፈቅዷል። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"እደውልልሃለሁ" ብላ ዘጋችበት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከቡድኑ ጋር ወደዚህ ከተማ ለትርኢት መጥታ ነበር። ሊታሰሩ ከተጻፉት ሰዎች መካከል ስሟ እንዳለ አንዱ በጆሮዋ ሹክ አላትና፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሳትሳፈር ቀረች። ሊያስሯት የነበሩት ዛሬ ከሥልጣን ወርደዋል። እሷ ግን የምትኖረው በጥገኝነት ወረቀት ነው፤ የሸሸችውን አገር አንድ ቀን ከረገጠች ወረቀቱ ይሰረዛል። ደርሶ መልስ የሚባል ነገር የለም።

እዚያ ሳለች የዚህን ከተማ ፖስት ካርድ በመኳኳያ መስታወቷ ጥግ ሰክታ፣ ከየትርኢቱ በፊት ድልድዩን፣ ወንዙንና አረንጓዴውን ጣሪያ ታይ ነበር። አሁን ያንን ድልድይ በየቀኑ ትሻገረዋለች፤ ስትሻገረው የምታስበው ግን ያንን መስታወት ነው።

ጫማውን መስኮቱ ደፍ ላይ ትታ ከጎን ወዳለው የልምምድ አዳራሽ ገባች። ስምንቱ ተማሪዎቿ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን ዘንግ ይዘው ተሰልፈዋል። ፈተናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የባሌት ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሳይታሰብ መጥተው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ዘንጉን ልቀቁ!" አለች።

ልጆቹ በጣት ጫፍ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ላይ አንዷ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ጎረቤቷ። ስምንቱም በተራ በተራ በተረከዛቸው ዱብ ዱብ አሉ።

"አየሽ?" አሉ ዳይሬክተሯ። "አንዷ ብትወድቅ ሰነፍ ናት እላለሁ። ስምንቱም ወደ ኋላ ሲወድቁ ግን ነገሩ ከአስተማሪዋ ነው።"

"ቀጥ ብለው ነበር እኮ የቆሙት።"

"ላንቺ ዓይን ነዋ!"

ምላሷ የማያርፈው ረጅሟ ልጅ ጣልቃ ገባች። "ቲቸር፣ ትንሽ ወደ ፊት ስንል እኮ 'ልትደፉ ነው!' እያሉ ትከሻችንን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።"

ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። "በዚህ ዓይነት አንዷም አታልፍም" አሉና ወጡ።

በእረፍቱ ሰዓት ከፒያኖው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ጠጥታ ኮዳዋን አጋደመችና ከፊቱ የአንድ እግር ጫማዋን ደቀነችበት። ሽማግሌው ፒያኒስት ከቁልፎቹ ላይ እጃቸውን ሳያነሱ አዩዋት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪም?"

"እንደ ጥያቄው ነው፣ ጋሼ።"

"ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። ያንን ኮዳ ባጋደምሽ ቁጥር ጫማ ትጋርጅበታለሽ። ለመሆኑ ወዴት ይኮበልልብሻል?"

"ይንከባለላላ! ወደ..." አለችና ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ቀረ።

ከመድረኩ ፊት ሙዚቀኞቹ ወደሚቀመጡበት ጉድጓድ ልትል ነበር። የአገሯ ቲያትር ቤት መድረክ፣ ኋላ ያሉት ደናሾች ለተመልካቹ እንዲታዩ ተብሎ ከጀርባው ከፍ፣ ከፊቱ ዝቅ ብሎ ያዘመመ ነው። የወደቀ የፀጉር ማስያዣ ሁሉ ተንከባሎ ከበሮ መቺው ጋ ይደርስ ነበር፤ እሱም ትርኢቱ ሲያልቅ በባርኔጣው ሰብስቦ ያመጣላቸዋል። በዚያ ወለል ላይ ላለመደፋት ገላን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ኋላ መያዝ ያስፈልጋል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የቆመችው።

ሽማግሌው በእግራቸው ጫፍ ጫማውን ገፋ አደረጉት። ኮዳው ንቅንቅ አላለም።

"ወለሉ ልክ ነው፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃ ልክ የያዘ አናጢ ነው የሠራው።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። ከዘንጉ ስር ብስኩት እየተሻሙ ያሉትን ልጆች አየቻቸው። ስምንት ልጆች፣ ረግጠውት በማያውቁት መድረክ ላይ ላለመደፋት ወደ ኋላ አዘምመዋል።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች።

"የት ነህ?"

"መድረኩ ላይ ሳንቃ እየለካሁ። እሺ አልሽ?"

"ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጠውና ከኋላው መጋረጃ ጀምረህ አንድ ነገር አንከባልልልኝ።"

"አመመሽ እንዴ?"

"መዶሻ! ታላቅህ ነኝ፤ ታዘዝ።"

"ባዶ የቀለም ጣሳ ነው ያለኝ።"

"እሱን።"

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ድምፁ ከሩቅ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ በየሳንቃው መገጣጠሚያ እየተንቋቋ። ኮሪደሩ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ክብደቷ በራሱ ጊዜ ወደ ተረከዟ ሲሸሽ ታወቃት። መሃል ላይ ጣሳው አንዴ ዘለለ፤ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ጮኸ።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ። ያቺ ከፍ ያለችው ሳንቃ ዛሬም አልተስተካከለችም።"

"ማን ያስተካክላት? ሁሉም እየዘለላት ኖረ። እና ምን ልበላቸው?"

"አትመጣም በላቸው።"

ከወዲያ መለኪያው ሳንቃ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

"ስምንት ልጅ አጣምሜያለሁ" አለች። "ሳላቃናቸው እንዴት ልምጣ?"

"ሌላ አስተማሪ ያቃናቸዋ! ላንቺ ብቻ ነው የተጻፈው?"

"ሌላ ሰው ከየት እንዳዘመሙ አያውቅም።"

"እኔስ? ጺም አወጣሁ እኮ፣ እታለም። ጥለሽኝ ስትሄጂ ድምፄ እንኳ አልጎረነነም ነበር።"

ግድግዳውን ተደገፈች። "የዚህን አገር ዜግነት ሳገኝ እመጣለሁ።"

"ያኔማ መድረኩ ጠፍጣፋ ነው።"

"ያኔ የምመጣው ላንተ ነው።"

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማችው። "አንድ ሳንቃ ልደብቅልሽ?"

"ምን ላደርግበት? ሁሉንም ንቀለው። አዲሱን ስትጨርስ ግን ጣሳውን አጋድመህ እየው። ትንሽ እንኳ ከተንከባለለ አፍርሰህ እንደገና ሥራው፤ ሰምተሃል?"

"እሺ እመቤቴ" አለ፤ ድምፁ ግን አልሳቀም።

ተማሪዎቹን ካሰናበተች በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠች። የቀኙን ጫማ አንስታ መርፌውን ሰካች። ነገ ከልጆቹ ጋር ዘንጉን ይዛ ልትቆም ነው፤ ሽማግሌውን ከጎን ሆነው ወደየት እንደምታጋድል እንዲነግሯት ለምናቸዋለች። ሪባኑን አንዴ ሰፋችው፤ አልፈታችውም። ቋጠረች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ሁለቱን ጫማዎች በሪባናቸው አስራ ከልጆቹ ጫማ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

የክሩን ጥቅል ወለሉ ላይ አጋደመችው። እጇ የሚጋርደው ነገር ፍለጋ ሄዶ ነበር፤ ሰበሰበችውና ጥቅሉን እንዳለ ተወችው።