ያስቀረሁት ግማሽ ሰዓት

አሮጌው አውቶቡስ ግቢያችን ሲገባ ወንበሮቹ ተነቃቅለው፣ የኋላ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኖ ነበር። ስለ ውሃ ማጣራት በየሰፈሩ እየዞረ የሚያስተምር መኪና እንዳደርገው መሥሪያ ቤቴ ለእኔ ሰጠኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሕልሜም ወሬዬም እሱው ሆነ።

ምክር የጠየቅሁት አጎቴን ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማውን ውሃ ሲያጣሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የነደፍኩት አራት ደረጃ ነበረው፦ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ከሰል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ተጨምሮበት ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ማጠራቀሚያ። አለቃዬ ግን አንዱ ትምህርት ከሃያ ደቂቃ እንዳይበልጥ አዘዘ። እኔም ክሎሪኑን አወጣሁት። ክሎሪን ለዓይን ምን ያሳያል? ሰውን የሚያስደንቀው ድፍርሱ ከላይ ገብቶ ኩልል ብሎ ከታች ሲወርድ ነው።

የሙከራው ዕለት ባልደረቦቼ ሁሉ አጨበጨቡ። አጎቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት።

«ይሄ መልኩን ታጠበ እንጂ ጠባዩን መች ለወጠ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ስለ ክሎሪኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ።»

«የቱ ጋ?»

«መውጫው በር ላይ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ይዞ የሚሄደው ዓይኑ ያየውን ነው።»

እሺ እሺ አልኳቸው፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ።

መኪናው መዞር ጀመረ፤ በሄደበት ሁሉ ሰልፍ ነበር። በአራተኛው ወር ሹፌሩ ፊቱ እየፈካ መጣ። «አለቃ፣ ያቺ ጥያቄ የምታበዛዋ ልብስ ሰፊ ትዝ አለችሽ? ያየችውን ማጣሪያ ቤቷ ሠርታዋለች! ጎረቤቱ ሁሉ ከእሷ ነው የሚቀዳው።»

ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተጠግቷል። ጥጉ ላይ ታቻቸው የተበሳ ሁለት ባልዲዎች ተደራርበዋል፤ አሸዋው የታጠበ፣ ከሰሉ በልክ የተፈጨ። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አልሠራውም። ፍራሹ ላይ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ታይፎይድ ነው አሉኝ፤ ሦስተኛ ሳምንቷ» አለች እናትየዋ። «ደግነቱ ንጹሕ ውሃ አላጣችም። በሰዓት በሰዓቱ አጠጣታለሁ።»

ለእኔም በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። ኩልል ያለ ነው። እጄ ላይ ከበደኝ።

«ከተጣራ በኋላ ምን ታደርጊበታለሽ?» አልኳት።

«ምን አደርግበታለሁ? ይጠጣላ! እናንተስ ከሰሉ ጋ አይደል ያበቃችሁት?»

እንደምንም ነገርኳት፦ የጠራ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ፣ ክሎሪን ወይም ማፍላት እንደሚያስፈልግ፣ ያንን ደረጃ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ። ሰሌዳውንም አነሳሁባት፤ ምነው ባላነሳሁት።

«ሰሌዳ?» አለች። «የመኪናችሁ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ልጄን አቅፌ ስወርድ እግሬን ነበር የማየው።»

ደረጃውንም የነደፍኩት እኔው ነኝ።

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችና ውጭ ወጥታ ደፋችው። ጎረቤቶቿን ልትነግር በዚያው ሄደች፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ቀረሁ።

ከሰፈሩ ሌላ አራት ሰው ታሞ ነበር። አንዲት ባልቴት ከተኙበት ሳይነሱ አረፉ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ከዚያው ውሃ ይሁን ከሌላ መናገር አይቻልም አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ያለው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ጥርጣሬ ያደርኩበት ሌሊት የለም።

ለአጎቴ ስነግራቸው «ብዬሽ ነበር» ቢሉኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ኮታቸውን ለበሱና «መኪናው የት ነው የቆመው?» አሉ። ክሎሪኑን መልሰን አስገባን፤ የመውረጃውን ደረጃ ዝቅ አደረግን፤ አለቃዬም የሰዓቱን ጭማሪ በእፍረት ፈረመ። አሁን ትምህርቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ክሎሪኑ በሚቆይበት ግማሽ ሰዓት አጎቴ ሰዉን በጨዋታ ያስቁታል፤ እንዲያም ሆኖ ተነሥቶ የሚሄድ አይጠፋም።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ከፍራሹ ተነሥታ መሄድ ጀመረች። የክሎሪን ጠርሙሶች ይዤ ስሄድ እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀበለችኝ።

«ድናለች፤ ተመስገን» አለች። «አልቀየምኩሽም፣ እህቴ። ግን አትምጪ። አንቺን ባየሁ ቁጥር በገዛ እጄ ሳጠጣት ነው የሚታየኝ።»

ጠርሙሶቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።