ሠላሳ ዘጠኝ ጠርሙስ ቢራ

ተማሪዎቹ «እትዬ ቴርሞሜትር» ይሏት ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆና ስትሠራ፣ በነጭ ጋዋኗ የደረት ኪስ ቴርሞሜትር ያልተሰካበት ቀን አልነበረም። ጡረታ ስትወጣ ጋዋኑን አጥባና ተኩሳ መለሰች፤ ቴርሞሜትሩን ግን «ይሄስ የእኔ ነው» ብላ ይዛው ወጣች። የከለከላት የለም።

ትዳር ሳይቀናት ቀርቶ፣ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ቤት ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነበር የምትኖረው። ሰውየው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ እንኳ እሷ ዘንድ «ማሙሽ» ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ያረጃሉ ብሎ ነገሩን ዘግቶት ነበር። ማሙሽ ግን አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ልቡን አስነቅሎ መጣ። የጥርስ ሐኪሙን ረዳት ወደዳት፤ በአራት ወር ውስጥ ተጋቡ፤ መጻሕፍቱንና ልብሱን ጭኖ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ወዳለው የሚስቱ ቤት ገባ። እህትየው ደስ ብሏት ዳረችው። ደስ አላት ማለት ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም።

ትቶት የሄደው የቢራ መሥሪያውን ነው፦ አንድ ትልቅ የብረት ድስት፣ ክዳኑ ላይ የአየር ማስወጫ የተሰካበት ነጭ በርሜል፣ የቆርኪ መግጠሚያና ሳጥን ሙሉ ባዶ ጠርሙስ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ቤት ውስጥ ቢራ ይሠራ ነበር። ሥራው ግን ቀላሉ ነው፤ በጣሳ የሚሸጠውን የብቅል ሽሮፕ በፈላ ውሃ በጥብጦ፣ ሲቀዘቅዝ እርሾ መጨመር። እሷ ጠርሙስ ትይዝለታለች፣ እሱ ቆርኪ ይገጥማል። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ፣ «በሚቀጥለው ግን እቴ፣ ከጥሬው ነው፤ ከብቅሉ ነው የምንጀምረው!» ይላል። የሚቀጥለው ሲደርስ ያው ጣሳ ነው።

ከሄደ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደወለችለት።

«ማሙሽ፣ ዛሬ ከብቅሉ ልጀምር ነው።»

«ምኑን?»

«ቢራውን ነዋ! አምስት ኪሎ ብቅል አስመጥቻለሁ። ተከክቶ ነው የመጣው።»

«ኧረ እቴ፣ የምርሽን ነው?» ብሎ ሳቀ። ከበስተጀርባው ሴት ድምፅ አንድ ነገር ሲል ተሰማ። «እኔማ ትቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ሽታውን አትወደውም፤ ጊዜውም የለኝ።»

«ብቅ ብትልስ?»

«ዛሬ እንኳ ቁም ሳጥን ልናይ ነው። ብቻ ሙቀቱን ጠብቂ፣ ከስልሳ ስምንት እንዳያልፍ።»

«ለእኔ ነው ስለ ሙቀት የምታስተምረው?» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ስልኩም ተዘጋ። ቤቱ እንደገና ጭር አለ።

ሥራ ጀመረች። ቀደም ብላ ከስስ የመጋረጃ ጨርቅ የድስቱን አፍ የሚያለብስ ሰፊ ከረጢት ሰፍታ፣ ቀቅላ አዘጋጅታለች። ብቅሉ ሲገባ እንደሚቀንስ ስለምታውቅ ውሃውን ሰባ አንድ ዲግሪ ላይ አድርሳ ከረጢቱን ዘረጋችና ብቅሉን እየበተነች ማማሰል ያዘች። ቴርሞሜትሩ ስልሳ ስድስት ላይ ቆመ። «ጎሽ!» አለች ጮክ ብላ፤ ከዚያ ማንም እንደሌለ ትዝ አላትና ድምፅዋ አሳፈራት። ሙቀቱ እንዳይሸሽ ድስቱን በክረምት ካፖርቷ ጠቅልላ፣ አንገቱን በሹራብ አስራ፣ አጠገቡ ወንበር ስባ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን ከፍታ ትቀምሳለች። መጀመሪያ የዱቄት ውሃ ነበር፤ በኋላ ጣፈጠ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ከንፈር የሚያጣብቅ ማር መሰለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለልጆች «ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል» ሲባል ሰምታለች እንጂ በምላሷ አይታው አታውቅም። ይህን የምትነግረው ሰው ፈለገች። ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ቁም ሳጥን እያዩ ነው።

ያላሰበችው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ከረጢቱ ከድስቱ ወጥቶ፣ ከላይ ተንጠልጥሎ ጭማቂውን ሁሉ ማንጠፍጠፍ አለበት። ውሃ የጠጣ አምስት ኪሎ ብቅል ደግሞ አምስት ኪሎ አይደለም። ጫፎቹን ሰብስባ ሳበች፤ ተነሣ፤ ቀኝ ትከሻዋ ከዳትና ከረጢቱ ድስቱ ውስጥ ተመልሶ ወደቀ። ትኩስ ውሃ ክንዷ ላይ ተረጨ። ሁለተኛ ሞከረች። አልሆነም። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ የእሷስ ሁለቱም እጆቿ አልበቁም።

ከታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ይኖራል። በደረጃው አምፖል ሰበብ ተኳርፈው ስምንት ዓመታቸው ነው። ማን እንደፈታው እስከ ዛሬ ያልታወቀ አምፖል! ሲገናኙ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይተላለፋሉ፣ ያው ነው። እጇን በፎጣ ጠርጋ ወረደች፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ዕቃ ማንሳት አቅቶኝ ነው።»

ሹፌሩ ትንሽ አያት። ክንዷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ላይ ብቅል አለ። «ጫማዬን ላድርግ» አለ።

ወጥ ቤት ሲገባ ካፖርት የለበሰውን ድስት አይቶ፣ «ብርድ መቶት ነው?» አለ። ሳቋ አመለጣት። ምን እንደሆነ ነገረችው። እጅጌውን ሰብስቦ ከረጢቱን ባንድ ትንፋሽ አወጣውና ከድስቱ በላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ወርቅ የመሰለው የብቅል ጭማቂ በቀጭኑ ይወርድ ጀመር። እሷ ከላይ በጆግ ሞቅ ያለ ውሃ እያፈሰሰች ታለቀልቀዋለች።

«ከበደዎት?»

«ሠላሳ ዓመት መሪ ያዞረ ክንድ ነው እህቴ፤ ያፍሱ ዝም ብለው።» አየሩን አሸተተ። «ዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ይላል።»

ስኳሩ እንዴት እንደመጣ ነገረችው። ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ቅንድቡን አነሣ። ይበልጥ ልታስረዳው ስትጀምር ጠብታው አለቀ፤ ከረጢቱን ባልዲ ውስጥ አኖረላት፣ እጁን ታጠበ፣ «በሉ ይቅናዎት» ብሎ ወረደ። «ይቀመጡ» ማለት እንደነበረባት የታወሳት እርምጃው ታች ከደረሰ በኋላ ነው።

የቀረውን ብቻዋን ጨረሰችው። ጭማቂውን አንድ ሰዓት አፈላች፤ ሆፕ የሚሉትን ደረቅና መራራ አበባ በሁለት ዙር ጨመረችበት፤ ድስቱን አንሥታ በረዶ በሞላ ገላ መታጠቢያ ውስጥ እንዳታቀዘቅዘው ትከሻዋ እምቢ ስላላት፣ በጆግ እየቀዳች በትናንሽ ድስቶች አመላልሳ አቀዘቀዘችው። ሃያ ዲግሪ ሲሆን በርሜሉ ውስጥ ገልብጣ እርሾውን በተነችበት። በርሜሉን ያስቀመጠችው ማሙሽ ይተኛበት በነበረው ክፍል ነው፤ ባዶ ክፍል ያ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ክፍል ድምፅ ሰማች። ቡልቅ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቡልቅ። እርሾው ተነሥቷል። የክፍሉን በር ከፍታ ተወችው። ቁርስ ስትበላም፣ ልብስ ስታጥፍም ያ ድምፅ ከወዲያ ይመልስላታል። በሦስተኛው ቀን ቡልቅታው ተደራርቦ ሰው የሚያወራ መሰለ። በሰባተኛው ቀን ዝም አለ። በሳይንሱ ጨርሷል ማለት ነው፣ ታውቃለች፤ ቢሆንም የክፍሉን በር አልዘጋችውም።

ጠርሙስ ውስጥ መገልበጡ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። የመቅጃውን ቱቦ በጉልበቶቿ አጣብቃ፣ ጠርሙሱን በግራ ይዛ፣ በቀኝ ቆርኪ እየገጠመች ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሲቆጠር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። በግድግዳው ጥግ ደርድራ ራቅ ብላ አየችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። የምታውቃቸውን ሰዎች በጣቷ ቆጠረች፤ ሁለተኛው እጅ ላይ አልደረሰችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ማሙሽ ከሚስቱ ጋር መጣ። እህትየው ብርጭቆዎቹን ሁለት ጊዜ ወልውላለች። ቆርኪው ሲከፈት ፍስስ አለ፤ ቢራው የመዳብ መልክ ኖሮት፣ አረፋው ጣት ያህል ቆመ። የወንድሟ ሚስት ትንሽ ቀምሳ፣ «መረር ይላል አይደል?» አለችና በትሕትና አስቀመጠችው። ማሙሽ ግን አንዴ ጠጣ፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣ፣ ደግሞ ጠጣ።

«እቴ፣ የእኔ እንደዚህ ሆኖ አያውቅም» አለ። አመስግኗት ነው፤ ድምፁ ውስጥ ግን ቅር ያለው ነገር ነበረበት።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ሲጨርሱ ሚስትየው በዓይኗ ጠቀሰችው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ነበር... ዕቃዎቹን ዛሬ ይዘን እንሂድ ብለን ነበር። በርሜሉንም፣ ድስቱንም። የእሷ ወንድም ቢራ መሥራት መማር ፈልጎ፣ እሑድ እሑድ አብረን እንሞክር ብለን ነው። እሱ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ።»

እህትየው ኩም አለች። «ትቼዋለሁ አላልከኝም?»

«ትቼው ነበር። እሱ ነው የጎተጎተኝ።»

ዕቃው የእሱ ነው። በገንዘቡ የገዛው ነው፤ ይህን ታውቃለች። ሆኖም ተነሥታ የዚያ ክፍል በር ላይ ቆመች።

«በርሜሉ ሙሉ ነው» አለች። «ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።»

በሕይወቷ ለማሙሽ ዋሽታው አታውቅም። እሱ ትከሻዋን አልፎ ወደ ክፍሉ ጆሮውን ጣለ። ሁለቱም አዳመጡ። ምንም ቡልቅታ የለም። እርሾ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አይስተውም። ፊቷን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

«እሺ እቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ሙሉ ከሆነ ይቆይ። እኛ ሌላ እንገዛለን።»

ስድስት ጠርሙስ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። ደረጃው ላይ ሚስቱ ስትቀድም እሱ ወደ ኋላ ዞረ፣ «ብቻሽን...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጉንጯን ሳማት፤ ወረዱ።

በሩን ዘጋች። ከዚያ ሁለት ጠርሙስ አንሥታ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደች። ሹፌሩ ከፈተላት።

«ያ ያነሡት ነው» አለች፣ ጠርሙሶቹን እያቀበለች።

ተቀብሎ አገላበጣቸው፤ መልሶም ዘረጋላት። «አይ እህቴ፣ እኔ መጠጥ ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሐኪም ነው ያስተወኝ። አይቀየሙኝ።»

«ኧረ ምን ቅያሜ አለው!» አለች፤ ፊቷ ግን ጋለ። ልትዞር ስትል ሌላ ቃል ከአፏ ወጣ። «የፊታችን ቅዳሜ ይኖራሉ? ደግሞ ልሠራ ነበር።»

«የት እሄዳለሁ ብለው ነው» አለ ሹፌሩ። «ይጥሩኝ።»

ቤቷ ተመለሰች። አንዱን ጠርሙስ ከፍታ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀዳችው። ከሰዎቹ ጋር ስትጠጣ ልብ ሳትለው የቀረውን አሁን አገኘችው፦ መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ማር ማር የሚል ነገር፣ ከዚያ ምላስ ጫፍ ላይ የሚቀር ምሬት። ጥሩ ቢራ ነው። ጥሩ መሆኑን ለማመን የማንም ምስክርነት አላስፈለጋትም፤ ቢሆንም አንድ የሚመሰክር ሰው ማዶ ቢቀመጥ ትወድ ነበር። እስኪያልቅ ቀስ ብላ ጠጣችው። ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው፤ ከዚያም ስልኳን አንሥታ ብቅል ሻጩ ዘንድ አምስት ኪሎ፣ የተከካ፣ እስከ ዓርብ እንዲደርስላት አዘዘች።