ስንቱ ድኖበታል

ካዛንችስ ውስጥ ሊፈርስ ነው የተባለውን ባለ ሰገነት ቤት ለማየት በዊልቸሬ ብቻዬን ወጣሁ። ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ይታየኛል፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ግን ከፍ ብሎ አላስወርድ አለኝ። ሁለት ጎረምሶች መጡና ሳይጠይቁኝ ከነዊልቸሬ ብድግ አደረጉኝ።

«ያንን ቤት ላየው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ስንቱ ድኖበታል» ብለው ከኋላዬ የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ደረጃ አውጥተው ጸበሉ ደጅ አስቀመጡኝ።

«አልታመምኩም እኮ!»

አንደኛው ላቡን እየጠረገ ለጓደኛው፣ «መጀመሪያ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት» አለው። ትተውኝ ሄዱ።

ፊቴ ጸበል፣ ኋላዬ ደረጃ። አንዲት እናት ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ «አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?